ማንም አልሞተም

በከርን የማያውቅ የጌጃ ሰፈር ሰው ካለ ወይ ትናንት የገባ ነው፣ ወይ ጆሮው አይሰማም። መልኩን የማያውቁት እንኳ ድምፁን ያውቁታል፤ ያውቁታል ብቻ ሳይሆን ይፈሩታል። ጎህ ሲቀድ የእሱ ጡሩምባ ከተሰማ አንድ ጎረቤት ሞቷል ማለት ነዋ! በከር የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ነበር። ሁለት ጊዜ ይነፋል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ከዚያ የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ቦታና ሰዓት ይናገራል። ቀብሩ ልደታ ማርያም ይሁን ኮልፌ የሙስሊም መቃብር ለእሱ ልዩነት የለውም። እድሩ የሁሉም ነበር፣ ሞትም እንደዚያው።

ከስልጤ አገር አዲስ አበባ ሲገባ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበር። አጎቱ ጆንያ አሸክሞ «ቆራሌው!» እያለ እንዲዞር፣ ባዶ ጠርሙስና አሮጌ ቆርቆሮ እንዲገዛ አስተማረው። ከጠመንጃ ያዥ እስከ ጌጃ ሰፈር ያለውን ጉራንጉር ሁሉ በእግሩ ለካው። ድምፁ ግን ምን ዓይነት ድምፅ ነው አትሉም! አንድ መንደር ሆኖ «ቆራሌው!» ሲል ሦስተኛው መንደር ላይ ያሉ ሴቶች ጠርሙሳቸውን ይዘው ይወጡ ነበር። የእድሩ ሰብሳቢ አቶ ወልደገብርኤል ይህን ሰሙ። የቀድሞው ነፊ አርጅተው ድምፃቸው ከአጥር አላልፍ ብሎ ነበርና፣ በ1978 ዓ.ም. በከርን ጠርተው ጡሩምባውን አስረከቡት። ከጡሩምባው ጋር ግቢያቸው ጓሮ ያለችውን አንዲት ክፍልም ሰጡት።

ሲሰጡት አንድ ሕግ ነገሩት። በሕይወት ባለ ሰው ላይ ጡሩምባ አይነፋም። በከር ይህን ሕግ ከሰጪዎቹ በላይ አጠበቀው። አንድ ቀን ማለዳ አንድ ሰው እየሮጠ መጥቶ «እገሊት አርፈዋል፣ ንፋ!» አለው። በከር መጀመሪያ ቤታቸው ሄዶ በዓይኑ ሊያይ ገባ። ሴትዮዋ አልጋቸው ላይ ተደግፈው ሾርባ ይጠጣሉ! ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ኖሩ፤ ባገኙት ቁጥር «አንተ ባታጣራ ቀብረኸኝ ነበር» እያሉ ይስቁ ነበር። እሱ ግን አንድም ቀን አልሳቀም። «እኔ ዋሽቼ ከተገኘሁ፣ ነገ እውነት የሞተውን ማን ይቀብረዋል?» ይል ነበር።

በዚያች የጓሮ ክፍል ውስጥ የወሎዋን ልጅ አሚራን አገባ፣ ሁለት ሴት ልጆች ወለደ፣ ሃያ ሦስት ዓመት ኖረ። ችግሩ ክፍሏ የእሱ አለመሆኗ ነው። ቤቱ የቀበሌ ነው፣ ውሉ ደግሞ በአቶ ወልደገብርኤል ስም ነው። በከር በወረቀት ላይ ደባል ይባላል። በሌላ ሰው ውል ሥር የሚኖር ማለት ነው። ጌጃ ሰፈር ውስጥ እንደሱ ያለ ደባል ከቤት ቤት ሞልቷል።

በ2001 ዓ.ም. ሰፈሩ ሊፈርስ ነው ተባለ። ወሬው ለዓመታት ሲወራ የኖረ ስለነበር ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። አንድ ቀን ግን ምትክ ቤት የሚሰጣቸው ሰዎች ዝርዝር ቀበሌው ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። አሚራ ፊደል ከሚያነበው ሁሉ ጋር እየቆመች ሦስት ጊዜ አስነበበች። የባሏ ስም የለም። የስድሳ አራት ደባል ቤተሰብ ስም አንዱም የለም።

ቀበሌው ሄደው ጠየቁ። «ደባል እዚህ ለመኖሩ ምን ማስረጃ አላችሁ?» አሏቸው። ምን ማስረጃ ይኑራቸው! የመብራቱም የውኃውም ደረሰኝ የሚመጣው በባለ ውሉ ስም ነው። ከደባሎቹ አንዱ አብዱልመናን ሥራው ራፖር ጸሐፊ ነው። ልደታ ፍርድ ቤት ደጃፍ ጃንጥላ ዘርግቶ የሰው አቤቱታ ይጽፋል። ለራሱ ሰፈርም የሚያምር ማመልከቻ ጻፈ፣ ስድሳ አራቱም ፈረሙበት። ቀበሌው ወደ ክፍለ ከተማው ላካቸው፣ ክፍለ ከተማው ወደ ቀበሌው መለሳቸው። ነገ፣ ከነገ ወዲያ፣ ሰኞ። ጫማ አለቀ እንጂ መልስ አልተገኘም።

ከዚያ ሰላማዊ ሰልፍ እንውጣ አሉ። አብዱልመናን አዋጁን በቃሉ ያውቀዋል። «አሳውቁ ነው የሚለው፣ አስፈቅዱ አይልም» ብሎ ማሳወቂያውን አስገባ። «ለጥበቃ የሚመደብ ፖሊስ የለንም» የሚል መልስ ተሰጠው።

«እኛን ከማን ነው የሚጠብቁን?» አለ አብዱልመናን ወረቀቱን እያጠፈ።

የእድሩ ዕቃ ቤት ውስጥ፣ በድስትና በድንኳን መካከል ተሰብስበው ሲመክሩ እማማ ዙሃራ ተናገሩ። እማማ ዙሃራ ሰማንያ ዓመት የሞላቸው፣ በርበሬና ቅመም እየሸጡ የሚኖሩ ባልቴት ናቸው። ከደባሎቹ ሁሉ የቆዩት እሳቸው ናቸው፣ አፋቸውም ከሁሉ ይስላል።

«ለቅሶ ፈቃድ የሚጠይቅ አገር ገና አልተፈጠረም» አሉ። «ድንኳናችንን ቀበሌው ፊት ለፊት እንትከልና ዝም ብለን እንቀመጥ። ያስነሱን እንደሁ እናያለን።»

«ሟቹ ማን ይባል?» አለ አንዱ።

«እኔ በሉ! በዚህ ዕድሜዬ ማን ይጠራጠራል?»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ሳቁ ሲበርድ ሁሉም ዞሮ በከርን አየ። ያለ ጡሩምባ ለቅሶ የለማ።

«ወይ ፍንክች!» አለ በከር። «እማማ፣ አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው። በሕይወት ያለ ሰው ሞተ ብዬ አልጠራም።»

ለመኑት፣ ተቆጡት፣ አሾፉበት። አሚራ ጎኑን በክርኗ መታችው። እሷ እንቅልፍ ካጣች ወር አልፏታል። «ቤታችን ሲፈርስ ጡሩምባህን አንጥፈን እንተኛለን!» አለችው ወደ ቤት ሲገቡ። በከር ነገሩን ሲያወጣ ሲያወርድ ሁለት ቀን ሰነበተ። በሦስተኛው ቀን አቶ ወልደገብርኤል ዘንድ ሄዶ «እነፋለሁ። የምናገረውን ግን ለእኔ ተዉልኝ» አላቸው።

አቶ ወልደገብርኤል ፈሩ። የእሳቸው ስም ዝርዝሩ ላይ አለ፣ ቤታቸውን አግኝተዋል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ተረት እንዳይደርስባቸው ሰግተዋል። እንዲህም ሆኖ «የእኔ ወጥቶ የአንተ ሲቀር ዓይኔ እያየ ዝም አልልም፤ በአምላክ ስም ንፋ» አሉት።

ማክሰኞ ማለዳ ነበር። በከር ጌጃ ሰፈር መሐል ላይ ቆሞ ሁለት ጊዜ ነፋ። አንዲት ሴትዮ ስሙን ሳትጠብቅ «እሪ! ወንድሜን! ወንድሜን!» ብላ ወጣች፤ ወንድሟ ከኋላዋ በቁምጣ ቆሞ «ምን ሆነሻል?» ይላታል። በከር ጉሮሮውን ጠረገ።

«የእድራችን አባላት በሙሉ! ማንም አልሞተም! ማንም አልሞተም! ስድሳ አራት ቤተሰብ ግን ቤት አልባ ሊሆን ነው። ዛሬ ሁለት ሰዓት ላይ ቀበሌው ፊት ለፊት እንደ ለቅሶ እንቀመጣለን። ድንጋይ የሚያነሳ አይምጣ። የሚጮህ አይምጣ። ስም ጥሪ አለ፣ የቀረ ይቀጣል!»

ይህች የመጨረሻዋ ቃል ያልታሰበች ነበረች። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ እያንዳንዱን ጥሪ የጨረሰው በእሷ ነው። እድርተኛ ከቀብር ከቀረ ስሙ ተጠርቶ ይመዘገባል፣ በወሩ መጨረሻ መቅጫ ይከፍላል። አፉ ልማዱን አደረገ። አብዱልመናን ራሱን ያዘ። «ምን አደረግክ ጋሽ በከር? መቅጫውን ደግሞ ምን አመጣው?»

«ወላሂ አመለጠኝ!» አለ በከር።

አመለጠው፣ ግን ምን ያደርጋል፣ ጡሩምባ ነፊው ካፉ ያወጣው ነገር የእድሩ ቃል ነው። አቶ ወልደገብርኤል እያጉረመረሙ የስም ጥሪ መዝገባቸውን በብብታቸው ሸጉጠው ወጡ። «አፍህን በጨው ታጠብ! ሟርተኛ!» ብለው በከርን የረገሙትም፣ ቤት የደረሳቸውና ነገሩ የማያገባቸውም፣ መቅጫውን ፈርተው መጡ። ስድሳ አራት ቤተሰብ ይመጣል ተብሎ የተተከለ ድንኳን ሦስት መቶ ሰው መጣበት። ያን ዕለት ከመጡት ስንቶቹ ለጎረቤት አስበው፣ ስንቶቹ መቅጫውን ፈርተው እንደመጡ የሚያውቅ አላህ ብቻ ነው። ብቻ መጡ።

የእድሩ አግዳሚ ወንበሮች ተደረደሩ። ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቀዘቁ። መፈክር የለ፣ ጩኸት የለ። አቶ ወልደገብርኤል ስም መጥራት ጀመሩ። «አቶ ሚደቅሳ!» «አቤት።» «ወይዘሮ ዙሃራ!» «አቤት።» ሦስት መቶ ስም ተራ በተራ ተጠራ። የቀበሌው ሠራተኞች በመስኮት ይመለከታሉ። በመጨረሻ አንድ ኃላፊ ወጥቶ «ማን ሞቶ ነው?» ብሎ እማማ ዙሃራን ጠየቀ።

«ማንም።»

«ታዲያ ለማን ነው የምታለቅሱት?»

«ማን አለቀሰ ልጄ? ተቀምጠናል።»

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ኢንስፔክተር ዱጉማ ስምንት ፖሊስ ይዞ ደረሰ። ዱጉማ ክፉ ሰው አይደለም፤ እዚያው አካባቢ ለዓመታት የሠራ፣ ከሰዉ ጋር ሰላምታ ያለው ነው። «ተበተኑ!» አለ። ማንም አልተነሣም። አንድ ወጣት ፖሊስ እማማ ዙሃራን ከነወንበራቸው አንሥቶ አስፋልቱ ዳር አስቀመጣቸው። እሳቸው ወንበራቸውን እየጎተቱ ተመልሰው ቦታቸው ላይ ቁጭ። እንደገና አወጣቸው፣ እንደገና ተመለሱ። በሦስተኛው ላይ ልጁ ላብ በላብ ሆኖ «እማማ፣ እባክዎ ደከመኝ» አላቸው።

«እኔስ? ና ልጄ፣ አጠገቤ ቁጭ በል» አሉት።

ድንኳኑ ውስጥ ሳቅ እንደ ማስነጠስ አመለጠ፣ ወዲያው ታፈነ። ዱጉማ ግን አልሳቀም። «ጡሩምባውን የነፋው ማነው?» አለ። በከር ሳይጠሩት ተነሣ። እሱን፣ ጡሩምባውንና የስም ጥሪውን መዝገብ ይዘው ሄዱ። መዝገቡ የተወሰደው የተሰላፊዎች ስም ዝርዝር ነው ተብሎ ነው። ሰዉ ግን አልተበተነም። እስከ ምሽት ተቀመጠ፣ ረቡዕም መጣ፣ ሐሙስም መጣ፣ የድንኳኑን አንድ ካስማ የነቀለ የለም።

አሁን ነገሩ የተገለበጠው በዚያ መዝገብ ነው። ዱጉማ የተሰላፊ ስም ሊቆጥር ሲገልጠው ከሃያ ሦስት ዓመት በፊት የተጻፈ ገጽ አገኘ። በየቀብሩ ማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ በየትኛው ግቢ ይኖራል፤ ሁሉም ቀን በቀን ተጽፏል። ደባሎቹ አንድ በአንድ አሉ። ማስረጃ አምጡ ሲባሉ የኖሩት ሰዎች ማስረጃቸው ብብታቸው ሥር ነበር፣ ማንም ልብ አላለውም። ለቅሶ መድረስን ማስረጃ ነው ብሎ ማን ያስባል? ዱጉማ መዝገቡን ወደ ክፍለ ከተማው ላከው። ዓርብ ጧት ሰሌዳው ላይ ወረቀት ተለጠፈ፦ ደባሎች ሰኞ ይመዘገባሉ፤ ለአንድ ቀን ብቻ፤ የቤተሰቡ ኃላፊ በአካል ቀርቦ በጣቱ ይፈርማል።

ሰፈሩ እልል አለ። ድንኳኑ ወረደ። በከር ግን ጣቢያ ነው።

ዱጉማ አንድ ወረቀት አምጥቶ ፊቱ አስቀመጠለት። «ሰው ሞቷል ብዬ በሐሰት ጥሪ በማድረግ ሕዝብ አሸብሬያለሁ ይላል። ፈርምና ዛሬውኑ ቤትህ ግባ። ቅጣቱ ተግሣጽ ነው። ለእኔም ለአንተም የሚሻለው ይኼ ነው።»

«እኔ ማንም አልሞተም ነው ያልኩት» አለ በከር። «ይኼው ሦስት መቶ ሰው ሰምቶኛል።»

«ያው ነው እኮ!»

«አይ፣ ያው አይደለም ጌታዬ።»

ቅዳሜ አሚራ ምግብ ይዛ ገባች። ወሬውን አስቀድማ ሰምታለች። ሳህኑን አስቀምጣ በቀስታ ጀመረች፣ በቀስታ ግን አልጨረሰችም።

«ፈርምና ና። ሰኞ ምዝገባ ነው፣ አንድ ቀን ብቻ ነው። አንድ ጣት ምን ይጎልብሃል?»

«ሰው ሞተ ብዬ ዋሸሁ ብዬ እንዴት ልፈርም?»

«ልጆቼን ሜዳ ላይ ልትጥልልኝ ነው እንዴ? ለቃልህ! ቃልህ ጣሪያ አለው? ዝናብ ይከለክላል?»

«ከፈረምኩ፣ ከዚህ በኋላ ተነሥቼ እገሌ ሞተ ብል ማን ይወጣል? ሰዉ የሚቀብረው እኮ እኔን አምኖ ነው።»

«ሰዉ ይቀበር አይቀበር ለእኔ ምኔ ነው!» አለችና አለቀሰች። ሳህኑን ሳታነሣ ወጥታ ሄደች። በከር ያን ቀን እህል አልቀመሰም። ልክ ነች፤ ልክ መሆኗ ነው ያንገበገበው። ጡሩምባውን በተረከበበት ቀን አላህ እጁን በሰበረው ኖሮ ብሎ ተመኘ። ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ጣቱን ቀለም ሊያስነካ እጁን ዘርግቶ ሰበሰበ።

ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ ደባሎቹ ቀበሌው ግቢ ተሰለፉ። እማማ ዙሃራ ገና በንጋት ስለመጡ የመጀመሪያዋ ናቸው። አሚራ መሐል ላይ ልጆቿን ይዛ ቆማለች። ምዝገባው ሳይጀመር ወደ ጠረጴዛው ጠጋ ብላ ለመዝጋቢዋ ነገሩን አስረዳች። መዝጋቢዋ ወጣት ሴት ነች፣ ሳትከፋ መለሰች።

«እህቴ፣ መመሪያው ኃላፊው ራሱ በአካል ይላል። እኔ ምን ላድርግ?»

«ባለቤቴ ጣቢያ ነው። ለእነዚህ ሰዎች ሲል ነው የታሰረው!»

«ይገባኛል። ግን ልመዘግብ አልችልም። ቀጣይ!» አለች ወደ ሰልፉ ዞራ።

ቀጣይዋ እማማ ዙሃራ ናቸው። ለሃምሳ ዓመት የኖሩበትን ቤት ሊያጡ የነበሩት፣ ከንጋት ጀምሮ የቆሙት፣ በዚያ ዕድሜያቸው ሌላ ዕድል የማይጠብቁ ሴትዮ። ወደ ጠረጴዛው አልሄዱም። አሚራን አዩ፣ ልጆቹን አዩ።

«እኔ በከር ሳይመዘገብ አልመዘገብም» አሉ።

«እማማ፣ ዛሬ ካለፈ አይገኝም እኮ!» አለች መዝጋቢዋ።

«ሰምቻለሁ። አልደነቆርኩም።» ይዘው የመጡትን በርጩማ መሬት ላይ አኖሩና ተቀመጡ።

ከኋላቸው የነበረው አብዱልመናን ነው። አብዱልመናን አራት ልጆች አሉት። አንድ ጊዜ ጠረጴዛውን፣ አንድ ጊዜ እማማ ዙሃራን አየ። ከዚያ እሱም መሬቱ ላይ ቁጭ አለ። ከእሱ ኋላ ሚደቅሳ ተቀመጠ። ቀጥሎ ያለችው ሴትዮ «አይ አምላኬ፣ ምን ጉድ ውስጥ ገባሁ!» እያለች፣ እየተራገመች ተቀመጠች። እስከ ሰልፉ መጨረሻ ድረስ ሁሉም ተቀመጠ። በደስታ የተቀመጠ ሰው አልነበረም። የፈሩ ነበሩ፣ በሆዳቸው በከርን የሰደቡ ነበሩ። አሚራ «ኧረ ተመዝገቡ፣ ስለ እኛ አትጥፉ!» ብላ ለመነቻቸው። አልሰሟትም።

መዝጋቢዋ እስክሪብቶዋን ይዛ ጠበቀች። አራት ሰዓት ሆነ፣ ስድስት ሰዓት ሆነ። ምሳ ሄዳ ተመለሰች። ቅጹ ባዶ ነው። ኃላፊዋ መጥቶ ጮኸ፣ ስልክ ደወለ፣ እንደገና ደወለ። ክፍለ ከተማው ማታ ስድሳ አራት ስም ይጠብቃል፣ የተጻፈ አንድ ስም የለም። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ የፖሊስ ፒካፕ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

በከር በሁለት ፖሊሶች መሐል ወረደ። ዱጉማ ቀድሞ ገባ። «አልፈታነውም» አለ ለሁሉም እንዲሰማ። «ተመዝግቦ ይመለሳል። ወረቀቱንም አልፈረመም።»

በከር መሬት ላይ የተቀመጠውን ሰው ሁሉ አየ፣ ነገሩ አልገባውም። «ምዝገባው ተዘጋ እንዴ?» አለ አሚራን። «ገና አልተጀመረም» አለችው አሚራ። እማማ ዙሃራ በበርጩማቸው ላይ ሆነው «ፍጠን እንጂ፣ ወገቤ ተቆረጠ!» አሉት።

ያኔ ገባው። ፊቱን በመዳፉ ሸፈነና ሰው ሁሉ እያየው እንደ ልጅ አለቀሰ። ሦስት መቶ ለቅሶ የጠራ ሰው፣ በሕይወቱ ሲያለቅስ ጌጃ ሰፈር ያየው የዚያን ቀን ብቻ ነው።

መዝጋቢዋ ስሙን፣ የሚስቱንና የልጆቹን ስም ጠይቃ ጻፈች። ጣቱን ቀለም አስነክታ ወረቀቱ ላይ አስጫነችው። የተጻፈበት ተራ ቁጥር አንድ ነበር፤ ከእሱ በፊት የተመዘገበ አልነበረምና። ፖሊሶቹ ወደ ፒካፑ መልሰው አስገቡት፤ ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ቀን ታስሯል። እማማ ዙሃራ ተነሥተው ቀሚሳቸውን አራገፉና ወደ ጠረጴዛው ሄዱ። «አሁን እኔን ጻፊ» አሉ።